ክላሷ ሱቅ ውስጥ ነው

ከሲኒማ ራስ በመሳለሚያ በኩል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነን። ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ስልካቸውን ዘግተው አጠገባቸው ላለችው ሴት ማማረር ጀመሩ።

"አስተማሪዎቿ ልጅዎ በኦንላይን ክላስ ስትጠራ አትመልስም ይሉኛል! ማስተማር ሲያቅታቸው በልጄ ያሳብባሉ!"

"ኦንላይን ይሁን ያሉት እነሱ ናቸው ጋሼ?"

"እኔ ነኝ እንጂ። ትምህርት ቤት ድረስ ከምትመላለስ መርካቶ ሱቄ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብትማር አይሻልም?"

"መርካቶ መሀል? በዚያ ጫጫታ?"

"ታብሌት ገዝቼላታለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?"

"ታዲያ አሁን ሱቁን ማን ያዘልዎት?"

"እሷ ናታ።"

"በዚህ ሰዓት ክላስ የላትም?"

"አላት! እየተማረች ትሸጣለች። ደንበኛ ሲመጣ ብድግ ትላለች፣ ሲሄድ ትቀመጣለች።"

"ኧረ ጋሼ፣ እግዜርን ይፍሩ! ልጅቷን ሻጭ አድርገዋት አስተማሪ ይሳደባሉ?"

"አንቺ ማነሽ? የወለድኳት እኔ ነኝ!"

ስልካቸው ጮኸ። የታክሲው ሙዚቃ አላሰማ ሲላቸው ላውድ ላይ አደረጉት።

"አባዬ፣ ሰውየው ቢጫ የመጋረጃ ጨርቅ እያሉ ነው። የት ነው ያለው?"

"ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከአረንጓዴው ሥር።"

ከልጅቷ ኋላ የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማል። "ሂክማ? ሂክማ አለሽ?"

"አባዬ፣ ቲቸር እየጠራችኝ ነው።"

"መጀመሪያ ጨርቁን አውርጂ!"

ለልጄ ገዝቼ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን የታብሌት ካርቶን ሥዕሉን ወደ ታች አድርጌ ገለበጥኩት።