ካድሬው የነቀለው ቆርች

ከቤቴ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ላይ፣ ቆርች ተክዬ ሦስት ክረምት አሳድጌው ነበር። እሾሃም ነው፤ ቅጠሉ ግን ሰፊ። በበጋ ይረግፋል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ያወጣል። ይህን የላስታ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ በደርግ ጊዜ ከከተማ የተላከብን ካድሬ ግን አያውቅም። «ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ» እያለ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ቆርቼን ቅጠል አልባ ሆኖ አገኘው።

«እማማ፣ ይኼ ሞቷል። ቀበሌውን ያሰድባል» አለኝ።

«አልሞተም፣ ወቅቱ ነው። ተወው ልጄ» እያልኩት በባዶ እጁ ጨብጦ ነቀለው።

ወዲያው መዳፉን እያየ፣ «እማማ፣ እሾህ ገባብኝ፤ ወረንጦ አለዎት?» አለኝ። ወረንጦዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱም ያየዋል።

«የሞተ ነገር ይወጋል እንዴ ልጄ?» ብዬው ቤቴ ገባሁ።