የባሻይ ሐጎስ መኪና ሁለተኛ ወንበር

በእኛ ጊዜ ከመኪና መስታወት ላይ ዝናብ የሚጠረገው በእጅ ነበር። ምን ያስቅሃል መምህር? በእጅ! ጻፈው እንጂ፣ ልትጽፍ አይደል የመጣኸው? ጎረቤቴ ነው ብዬ በር ብከፍትልህ ጭራሽ ትስቅብኛለህ። የጠረገው እጅም ይኸው፣ ይሄ ነው፣ እየው። ይቺ ልጄ ዘሃራ ይሄን ነገር መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ እሷ ካልሰለቻት አንተን ምን ሆነህ ይሰለችሃል?

ታዲያ ጣሊያን ወጥቶ፣ አገሩ ረጋ ካለ በኋላ ነው። እኔ ከወሎ መጥቼ እዚሁ መቐለ ባሻይ ሐጎስ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ዘንድ ተቀጠርኩ። ከአፋር በግመል የሚመጣውን አሞሌ እያወረድኩ መደርደር ነው ሥራዬ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበት አለኝ፣ ሌላ ምንም የለኝም። ባሻይ ደግሞ ሁሉ አላቸው፣ እና ያ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው አንድ የጣሊያን መኮንን ጥሏት የሄደች መኪና ገዙ። ቀይ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ለእሽቅድድም የተሠራች ናት ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያኔም አሮጊት ነበረች፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ድምጿ ግን የአምስት መኪና ድምፅ።

መጥረጊያዋ እንዲህ ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አንዲት የብረት እጀታ አለች። እሷን ይዘህ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስታደርጋት በውጭ በኩል ጎማዋ መስታወቱን ትጠርጋለች። ባሻይ በአንድ እጃቸው መሪ፣ በአንድ እጃቸው ማርሽ፤ ታዲያ ዝናቡን ማን ይጥረግ? አንድ ቀን «አንታ ይመር!» አሉኝ፣ «ና ግባ፤ ዝናብ ሲመጣ ትጠርጋለህ።» ገባሁ። ገባሁና ሦስት ዓመት አልወጣሁም።

ሥራው መጥረግ ይሁን እንጂ እሱን ማን ያየዋል? የሚታየው ይመር ከባሻይ ጎን መቀመጡ ነው። ትናንት ጨው ያሸከመኝ ሰው ዛሬ ባርኔጣውን ያነሳልኛል። ወላሂ! ደግሞ የመቐለ ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ሁለት ወር ቢሆን ነው፤ የቀረውን አሥር ወር ምን እጠርጋለሁ? እቀመጣለሁ! ኮት ገዛሁ። ድምፄን አወፈርኩ። ሰው «ይመር፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ከባሻይ ጋር ነኝ» እላለሁ፤ ጠራጊ ነኝ አልልም። መዳፌ ግን በዚያች እጀታ ምክንያት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እሱን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ማን ያያል።

ታዲያ በሦስተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ባሻይ ሚስት አገቡ። ለተብርሃን ትባላለች፣ የኲሓ ልጅ። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ አሁን በሽምግልናዬ እሷ ብላት ማን ይከሰኛል? ቆንጆ ናት፣ ነገር አዋቂ ናት፣ እና ቤት በገባች በሳምንቱ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና «የእኔ ቦታ የቱ ነው?» አለች። ባሻይ ወንበሩን አዩት። ወንበሩ ላይ ማን አለ? እኔ።

«እሱማ... ይመር ዝናብ ይጠርጋል» አሉ ባሻይ።

«ዛሬ ዝናብ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

ወረድኩ። ግንቦትንና ሰኔን እሷ ተቀመጠች፣ እኔ ወደ ጨዌ ተመለስኩ። በልቤ ግን «ብቻ ሐምሌ ይምጣ» እላለሁ። እንደዚያ ዓመት ዝናብ ለምኜ አላውቅም፤ ገበሬው እንኳ የእኔን ያህል አልለመነም። እና ሐምሌ መጣ፣ ዝናቡም መጣ፣ ባሻይም «አንታ ይመር፣ ግባ!» አሉ። ልገባ እግሬን ሳነሳ ለተብርሃን በረንዳው ላይ ቆማለች። «ለመኪናው ይመር፣ ለጓዳው እኔ፤ እንዲህ ነው ነገሩ?» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ባሻይ በማግስቱ መካኒክ አስጠሩ።

መካኒኩ ተስፉ ይባላል፣ የአስመራ ልጅ፣ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደገ። ከሦስት ቃሉ አንዱ ጣሊያንኛ ነው። እጀታዋን አየና በሳቅ ፈረሰ። «ባሻይ፣ ይሄ እኮ የአያቶቻችን ነው! አሁን አውቶማቲኮ መጥቷል፣ ሰው አያስፈልገውም» አለ። ሰው አያስፈልገውም ሲል የሚያየው እኔን ነው። ከዚያ ከአንድ ከተበላሸ የእንግሊዝ ካሚዮን ላይ ትንሽ ቆርቆሮ የመሰለች ነገርና አንድ ረጅም የጎማ ቱቦ ፈትቶ አመጣ። «ሞተሩ አየር ወደ ውስጥ ይስባል» ይላል ጉንጩን እያሰረጎደ፣ «በዚያ ትንፋሽ መጥረጊያው ይሄዳል። ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ አይቆምም፣ ባሻይ! ፊኒቶ!»

እና ብሎኑን ያቀበልኩት ማን ነው? እኔ። ካቻቢቴውን የያዝኩለት እኔ። ከወንበሬ የምታስነሳኝን ቱቦ በሽቦ ጥፍር አድርጌ ያሰርኳት እኔ ራሴ! ቀናሁ፣ መምህር፣ ምን እዋሻለሁ። ሰው በሰው ይቀናል፣ እኔ በጎማ ቱቦ ቀናሁ። ተስፉ የድሮውን ዘንግ እዚያው ተወውና እጀታዋን ብቻ ፈትቶ «እንካ፣ ጣላት» ብሎ ወረወረልኝ። አልጣልኳትም። ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ተነሳ። ባሻይ በጆግ ውሃ መስታወቱ ላይ ደፉ፣ ተስፉ አንዲት ቁልፍ ጠመዘዘ፣ እና ጎማዋ ሽው ሽው፣ ሽው ሽው! ያለ ሰው! ሴቶቹ እልል አሉ። «ፐርፌቶ!» ይላል ተስፉ። ለተብርሃን አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ? መኪናዋ ግን ቆማ ነው። ይሄን ያዝልኝ፣ መምህር፤ ቆማ ነው።

ታዲያ ነሐሴ አሥራ ስድስት ደረሰ፣ አሸንዳ። ለተብርሃን ካገባች የመጀመሪያዋ አሸንዳ ናት፣ ኲሓ ወላጆቿ ዘንድ ሊሄዱ ነው፣ ጓደኞቿ ከበሮ ይዘው ይጠብቋታል። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ወንበሬ ላይ... ወንበሯ ላይ ልበል እንጂ፣ ተቀመጠች። ለእኔስ? ለእኔ በግ። «ይመር፣ ይሄን በግ ይዘህ በእግርህ ቅደም፣ ለአማቶቼ ነው» አሉኝ ባሻይ። እኔ እስላም፣ ከእነሱ ቢላ የማልበላ፣ የማልቀምሰውን በግ የኲሓን አቀበት እየጎተትኩ ልወጣ! በጉም ቢሆን አልወደደኝም፤ በየአሥር እርምጃው ቀጥ ይላል።

አቀበቱን ስናጋምስ ሰማዩ ተቀደደ። ምን ዓይነት ዝናብ መሰለህ! ዞር ስል ቀይዋ ከታች ትመጣለች። ከዚያ ቆመች። ከዚያ ትንሽ ሄደች። ከዚያ ቆመች። እኔና በጉ ቆመን እናያለን። «ይቺ ደግሞ እንዳንተ ሆነች» አልኩት በጉን። እና ይዤው ወረድኩ።

ባሻይ በሸራው ስር አንገታቸውን ብቅ አድርገው ይጮኻሉ። «ይመር! ይሄ ነገር አበደ! ነዳጅ ስሰጥ መጥረጊያው ይቆማል፣ ነዳጁን ስለቅ መጥረጊያው ይሮጣል፣ መኪናው ይቆማል!»

ገባህ አይደል? ሞተሩ ሜዳ ላይ ትንፋሹን ያካፍል ነበር፤ አቀበት ሲይዘው ለራሱም አልበቃው አለ። እና ባሻይ ወይ ቆመው መንገዱን ማየት ነው፣ ወይ መንገዱን ሳያዩ መሄድ ነው። በጎን ደግሞ ገደል አለ። በኋላ ተስፉን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አቀበት መኖሩን ማን ነገረኝ?» መቐለ ተቀምጦ!

ታዲያ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና እጀታዋን አወጣኋት። «ይቺው ናት፣ ጌታዬ» አልኩ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነው። የባሻይ ፊት በራ፤ በራና የዕድሜያቸውን ትልቅ ስሕተት ሠሩ። ወደ ሚስታቸው ዞረው «ለተይ፣ እስቲ ትንሽ ውረጂ። ይመር ይግባ። አቀበቱን እስክንወጣ ብቻ» አሏት።

ዝናቡ ይወርዳል። እሷ በጥልፍ ቀሚስ ናት፣ በሹሩባ ናት። አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ በጉን አየችው።

«በጉንም እኔ ልጎትትላችሁ?» አለች።

እኔ በሆዴ «ትውረድ፣ ትውረድ» እላለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሷ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «ይመር፣ ብረቱን ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት። ምን ልበል? ገጠመቻትና ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ጀመረች። እኔ ከጎን እየሮጥኩ «ቀስ ይበሉ እመቤቴ፣ ጫፍ ድረስ አይግፉት፣ ይነክሳል!» እላለሁ፤ እሷ የምትጠርገው ግን ዝናቡን ሳይሆን ንዴቷን ነው። መኪናዋ ተነሳች። ስትሄድም እኔና በጉ ብዙም አልራቅናትም፣ በእግራችን!

ኲሓ ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው መንገድ ላይ ናቸው፤ ለተብርሃን ስትገባ ክንዷ አሁንም ከመስታወቱ ጋር ነው፣ ሹሩባዋ ተፈቷል፣ ፊቷ በላብ ርሷል። የአሸንዳን ልጆች ታውቃቸዋለህ፣ ምላሳቸው አያርፍም። ወዲያው ገጠሙ፦ ባሻይ ያገቡት ሙሽራ ነው ወይስ የመስታወት መጥረጊያ? ብለው። ባሻይ እዚያው ከመሪው ጋር ደርቀው ቀሩ። እኔ ሳቄን በበጉ ፀጉር አፈንኩት።

ታዲያ ምሳ ቀረበ፣ ለእኔ ለብቻዬ ቂጣና ማር አመጡልኝ። የለተብርሃን እናት የልጇን እጅ አይታ «ዋይ ኣነ! ምን ነካሽ?» አለች። መዳፏ ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ለተብርሃን ተነስታ እኔ ወዳለሁበት መጣችና «ይመር፣ ያንተን አሳየኝ» አለችኝ። አፈርኩ። «ግድ የለም እመቤቴ» አልኩ። «አሳየኝ!» ከኪሴ አወጣሁ። የእሷን ከጎኑ አድርጋ ብዙ አየችው። «ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለች። ባሻይ ከወዲያ ሆነው «እሱ ለምዶታል» አሉ።

ለምዶታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማው ኮቴን አይቷል፣ ወንበሬን አይቷል፣ ባርኔጣ አንስቶልኛል፤ እጄን ያየችልኝ እሷ ብቻ ናት፣ ያውም ወንበሬን የወሰደችብኝ ሴት። ዓይኔ እንባ ሞላ። ማሩ ነው የጣፈጠኝ ብዬ አቀረቀርኩ።

በማግስቱ ለተብርሃን «እኔ በአባቴ በቅሎ እመለሳለሁ፣ ለመኪናው በበጋ ጥሩኝ» አለች። እና ወንበሯ ለእኔ ተመለሰች። ቁልቁል ጀመርን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጠብታ የለም፤ ያ መጥረጊያ ግን ቁልፉ ውሃ ገብቶበት አልዘጋ ብሏል፣ ባሻይም ነዳጅ አይሰጡም፣ እና ደረቅ መስታወት ላይ ሽው ሽው፣ ሽው ሽው፣ ይጨፍራል! ትናንት የት ነበርክ አይባል። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። ባሻይ ቁልቁለቱን ጨርሰን፣ መቐለ ልንገባ ስንል ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«ስማዕ ይመር» አሉኝ መጥረጊያውን እያዩ፣ «ከእንግዲህ ቁልቁለቱን እሱ ይጥረግ፣ አቀበቱን አንተ።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ።

ዘሃራ፦ «አባ፣ እጅህን እንዲያ ካየችልህ በኋላ ደግሞ እሺ አልክ?»

ታዲያ ምን ልበል ልጄ? እምቢ ብል እኮ ተመልሼ በግ ጎታች ነኝ! (ሳቅ) ብቻ አንድ ነገር ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው «ይመር፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ ከባሻይ ጋር ነኝ አላልኩም። እጄን ከኪሴ አወጣና «ጠራጊ ነኝ፤ የአቀበት» እላለሁ። (ረጅም ሳቅ)