ዳንቴሉ ያልተነሳላት ማሽን

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ጋሽ ኩርፌ የዚያን ጥገና ቤት ደጃፍ ባልረገጡት ነበር። የኮምፒውተሩን ሳጥን በአንሶላ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፈው፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ሲወስዱ ነው ዶፉ መንገድ ላይ የያዛቸው። እሳቸው ቢበሰብሱ ግድ አልነበራቸውም። ሳጥኑን ውሃ እንዳይነካው ብለው ግን ካገኙት ጣሪያ ሥር ገቡ።

በሩ ላይ ካቻቪቴ የያዘች ወጣት ሴት ቆማ ዝናቡን ታያለች።

«ይግቡ አባባ።»

«ግድ የለም፣ አላስቸግርም። ሲያባራ እሄዳለሁ።»

«እርስዎ ባይፈልጉ እንኳ ዕቃው ይግባ። ኮምፒውተር ነው አይደል የታቀፉት? ምን ሆነ?»

«ደከማት» አሉ ጋሽ ኩርፌ በአጭሩ። «ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ አልነሳም ብላለች።»

«ምን ሞከሩ?»

«መጀመሪያ ቀስ አድርጌ መታኋት። ቀጥሎ ጠንከር አድርጌ መታኋት። ከዚያ ሦስት ቀን አሳረፍኳት።»

«ይቅርታስ ጠየቋት?»

«ምን?»

«ከመቷት በኋላ ነዋ።»

ጋሽ ኩርፌ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ግን መሳቅ ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል፤ አፋቸው መንገዱን ረስቶታል።

ኩርፌ የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ባለቤታቸው ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ሲያኮርፉ ትጠራቸው የነበረውን ሰፈሩ ሰምቶ የራሱ አደረገው። እሷ ስትለው የፍቅር ነበር፤ ሰፈሩ ሲለው የስድብ ሆነ። ይህችን ማሽን ከአንድ ቢሮ አሮጌ ዕቃ ላይ ገዝታ፣ ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ መጻፍ የተማረችው እሷ ናት። ታማ አልጋ ላይ በዋለችባቸው ወራት ደግሞ አቅም ባገኘችበት ከሰዓት ድምፅዋን ቀዳችበት። አንዱ ላይ እንዴት እንደተዋወቁ ታወራለች፤ አንዱ ላይ ጎረቤቷን ታማለች፤ አንዱ ላይ እያሳላት እንኳ የሸሚዝ ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ ትናገራለች። ጋሽ ኩርፌ ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አንድ አንድ ድምፅ ሲሰሙ ዓመቱን ገፉት። ላለፉት ዘጠኝ ቀናት ግን ቤቱ ጭር ብሏል። ሴትየዋ ሁለተኛ የሞተች ያህል ነበር።

ይህን ሁሉ ለጠጋኟ አልነገሯትም። «የሚስቴ ድምፅ አለበት» ብቻ አሉ። እሷም ቀልዷን ወዲያው ትታ ጠረጴዛውን አጸዳችላቸው።

ሳጥኑን ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ አዩት። መነጽር፣ ጠባብ ከረባት፣ ወደ ላይ የተቀሰረ አገጭ።

«ይሄ ማነው?»

«አባቴ ነው። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ያውቁት ነበር?»

ጋሽ ኩርፌ ሳጥኑን መልሰው ታቀፉ።

አያውቁትም እንዴ! ሠላሳ አንድ ዓመት የጠረጉት የእሱን ትምህርት ቤት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡት ድህነት ይዟቸው እንጂ ፊደል ጠልተው አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድፍረት አግኝተው የጽሕፈት መኪና ክፍል ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እንዲማሩ ጠየቁ። ዳይሬክተሩ መምህራኑ ፊት ሳቀ። «የአንተ እጅ የተፈጠረው ለመጥረጊያ ነው» አለ። መምህራኑም ተከትለው ሳቁ። የሚያበላቸው ሰው ሲስቅ የማይስቅ የተማረ ሰው ስንት ነው? ጋሽ ኩርፌ በማግሥቱ ያንኑ ክፍል ጠረጉ፤ ስድቡን ግን ጠርገው አላወጡትም።

ዛሬ ለልጁ ነገሯት፤ ቆመው፣ ሳጥኑን እንደታቀፉ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ።

«አባቴ እንዲህ አይልም ብዬ አልከራከርዎትም» አለች ጠጋኟ። «ይል ነበር። እኔንም ሴት ልጅ ካቻቪቴ ስትይዝ ያስቃል ብሎኛል። ፎቶውን የሰቀልኩት እያየኝ እንድሠራ ነው።»

«እና አልተቀየምሽውም?»

«ተቀይሜያለሁ እንጂ። ግን እሱ የዘጋብኝን በር እኔ ደግሜ አልዘጋሁትም። ልጠይቅዎትና አይቆጡ፤ ባለቤትዎ በዚህች ማሽን ሊያስተምሩዎት አልፈለጉም?»

«ለምናኛለች። አንድ ድምፅ እንዴት እንደሚከፈት ብቻ በግድ አሳየችኝ።»

«ለተቀረውስ ምን አሏቸው?»

ጋሽ ኩርፌ መሬት መሬት አዩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።

«የእኔ እጅ ለመጥረጊያ ነው አልኳት።»

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ክፉ ቃል አንድ ጊዜ ተነግሮ ቢቀር ምን ነበረበት! ክፋቱ የተናገረው ሰው ከሞተ በኋላ እኛው አፍ ውስጥ ገብቶ፣ በገዛ ድምፃችን፣ ለምንወደው ሰው መልስ ሆኖ መውጣቱ ነው።

ሳጥኑ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ሲያበሯት ምን ያያሉ? ምን ይሰማሉ?» አለች ጠጋኟ።

«ፊቷ ላይ ያለችው መብራት ትበራለች። ውስጧ ያለው ማራገቢያ ይዞራል። ስክሪኑ ግን ድርግም። ከዚያ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ትላለች።»

«እንግዲያው የሚያማትን እየነገረችዎት ነበር፤ እርስዎ ግን መቷት። ይኸውልዎት አባባ፣ በተራ ነው የሚኬደው። መብራቷ ከበራ ኤሌክትሪክ ይደርሳታል፤ ገመዱን አንጠረጥርም ማለት ነው። ይህ ጢጥታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚሞሪ የሚባለውን ዕቃዋን ሳታገኘው ስትቀር የምታሰማው ነው። ድምፆቹ የተቀመጡት ሌላ ዕቃ ላይ ነው። እሱ ደህና ይሁን አይሁን የምናውቀው ስትነሳ ነው፤ አሁን ላይ ዋስ አልሆንም። ይፍቷት።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? የእኔ እጅ ዝናብ ማየት ላይ ነው።»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ክዳኑ ሲነሳ ሁለቱም ደነገጡ። ውስጧ በግራጫ ብናኝ ታፍኖ የፍራሽ ሆድ መስሏል።

«ምን ውስጥ ነው የምትቀመጠው?»

«ዳንቴል ሥር። ባለቤቴ በእጇ የሠራችው ነው። ስትሠራ ታነሳውና ስትጨርስ ታለብሳት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያለበሰቻት ቀን… የእሷ እጅ ያስቀመጠውን በምን እጄ ላንሳው? ዛሬ ላመጣት እስክል ድረስ አላነሳሁትም። ማብሪያዋን በዳንቴሉ ቀዳዳ በጣቴ ነው የምነካው።»

«ዓመት ሙሉ? ስትሠራም ጭምር?»

«ዓመት ሙሉ።»

ጠጋኟ አልሳቀችም። «አባባ፣ ይህች ማሽን ስትሠራ ይሞቃታል። በጎኗና በጀርባዋ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የምትተነፍሰው። በሙቀትና በብናኝ አፍነዋታል። ባለቤትዎን እንዳይረሱ ያደረጉት ነገር ድምፃቸውን ሊያጠፋብዎት ነበር።»

ይህን የሚቀበል ሽማግሌ ጥቂት ነው። ጋሽ ኩርፌም «ዳንቴል ማንን ገደለ!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ብናኙ ላይ ነበርና ዘጉት።

ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ሰጠቻቸው። መጥረግ እንኳ ማንም አያስተምራቸውም! ከላይ ወደ ታች፣ ከጥግ ወደ መሐል፣ አንዲት ሽቦ ሳይነኩ ሲጠርጉ ጠጋኟ አፏን ይዛ አየች። ቀጥሎ የሰውነታቸው ኤሌክትሪክ ዕቃዋን እንዳይጎዳ እጃቸውን ባዶ ብረት አስነክታ፣ ሚሞሪውን በሁለት ጣት አስወጣቻቸው። እንደ ማበጠሪያ ያለ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጥርሶች ተደርድረውበታል፤ ጠቁረዋል። ከመሳቢያዋ የተማሪ ላጲስ አወጣች።

«በዚህ ቀስ አድርገው ይሹት።»

«በላጲስ?»

«በላጲስ። ከዚያ ፍርፋሪውን በብሩሽ ያራግፉ።»

ያ እጅ ላጲስ ከያዘ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። ሽታውን ሲያሸቱ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ሄደው ተመለሱ። ጥርሶቹ እንደገና ወርቅ መሰሉ። ሰሌዳውን መልሰው ቀጥ አድርገው ሲጫኑት ቀጭ አለ። ገመዶቹን ከጠጋኟ ስክሪን ጋር ሰኩ፤ ማብሪያዋን ነኩ።

ማራገቢያው ዞረ። ጢጥ፤ አንዴ ብቻ። ስክሪኑ ፈካ። ድምፆቹ የተደረደሩበት ዝርዝር ሲመጣ ጋሽ ኩርፌ ወንበር ሳይፈልጉ ተቀመጡ፤ ወንበሩን ጠጋኟ ናት ያደረሰችላቸው።

«አሥራ ስምንት ናቸው» አለች።

«አሥራ ሰባት። የመጨረሻው ድምፅ አይደለም።»

«ድምፅ ነው እንጂ። ‹ትምህርት› ይላል። አልሰሙትም?»

«ትምህርት ስለሚል አልከፈትኩትም» አሉ። «ደግሞ እሷም ልታስተምረኝ! ብዬ።»

ጠጋኟ ልትከፍተው እጇን አላነሳችም። «ይሄ ቤትዎ ነው የሚሰማው» አለችና ሁሉንም በፍላሽ ገለበጠችላቸው። «አንዱ ማሽኗ ላይ፣ አንዱ መሳቢያዎ ውስጥ ይሁን። የሚወዱት ነገር አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። ስትሠራ አያልብሷት፤ ሁለት ሦስት ወር ሲሞላት ከፍተው ይጥረጉላት። ስትታመም አይምቷት፤ ምን እንደምትል ይስሙና በተራ ይጠይቋት። ይህን ካወቁ ማንንም አይለምኑም፤ የእኔን አባት ጨምሮ።»

ጋሽ ኩርፌ ፎቶግራፉን ቀና ብለው አዩ። «አባትሽ ተሳስቷል» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እኔም አግዤዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ኩርፌ ማሽን በወቅቷ ሁለት ጊዜ ተጠርጋለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልደከማትም። የጎረቤት ኮምፒውተር እንቢ ሲል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም «መትታችኋታል?» ብለው ነው። መማር የሽማግሌን ክብር እንደማይቀንስ፣ ይልቁንም ከማኩረፍ እንደሚያሳርፍ የሚጠራጠር ካለ እሳቸው ቤት ሄዶ ይጠይቅ።

ግን በዚያው ቀን የሆነውን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ዝናቡ አባርቶ ቤታቸው ሲገቡ ማሽኗን ቦታዋ አስቀመጡ። ዳንቴሉን አራት አጥፈው ትራሳቸው ላይ አደረጉት። አሥራ ስምንተኛውን ከፈቱ።

አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰሙት፣ አዲስ፣ ያላለቀ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ኩርፌ፣ ይሄን የምትከፍተው ከሁሉም መጨረሻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተ ግትር። በል መጀመሪያ ዳንቴሉን አንሳላት፣ ታፍናለች። አነሳህ? አሁን እጅህን ማውሱ ላይ አድርግ። አትፍራ፣ ጥሩ እጅ ነው ያለህ። አደረግህ?»

«አደረግሁ» አሉ ጋሽ ኩርፌ።