የሉዲ ሃስኪንስ ሳህን

ቃል ሰጪ፦ ቨርና ቲሊስ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሄሮን መንገድ፣ ሎንግ ማርሽ፣ ፍሎሪዳ
ቀን፦ ማክሰኞ ማርች 11 ቀን 1986
(ምስክሯ ቃሏን በገዛ እጇ ለመጻፍ ጠይቃ ተፈቅዶላታል።)

እሑድ ማርች 9 ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የባሕሩ ነፋስ ግን የጠረጴዛ ልብስ ይገለብጥ ነበር። ከኦርቪል ሃስኪንስ በቀር ምእመናኑ በሙሉ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነበርን። የጠፈር መንኮራኩሯ በጥር ወር ሰዎቿን እንደያዘች ስትፈነዳ ከየደጃችን ቆመን ያየን ሰዎች ነን። ሌላ ለመሥራት ገንዘብ ያጥራል ሲባል በዚህ እሑድ ምሳ ሸጠን ገንዘቡን ለመንግሥት ልንልክ ተስማማን። ገንዘብ ያዥዋ ኢሞጂን ክሪል ነበረች። ነፋሱ ቢያስቸግራት ገንዘቡን ባዶ የመጋገሪያ ሳህን ውስጥ ከታ በፎይል ሸፈነችው። እኔ ይህን አላየሁም።

ሳህኖቹን ለየባለቤቱ መመለስ የእኔ ተራ ነበር። በእኛ ዘንድ የባለቤቱ ስም ከሳህኑ ሥር ይለጠፋል። ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ የተረፈ ምግብ ይደረግበታል። ችግር የገባበት ቤት ሲሆን ሰውየው አመሰግናለሁ ለማለት እንዳይጨነቅ በረንዳ ላይ አስቀምጠን ሳናንኳኳ እንሄዳለን። የተሸፈነውን ሳህን አንሥቼ ከሥሩ ባይ "ሉዲ ሃስኪንስ" ይላል። ሉዲ የኦርቪል ሚስት ነበረች፤ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሳህኗ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ቀርቶ ነበር። ኦርቪል መንኮራኩሯን ከሙቀት የሚጠብቁትን ንጣፎች የሚለጥፍ ሠራተኛ ሲሆን ዓርብ ዕለት ከሥራ ተቀንሷል። ሳህኑ ቀለል ስላለኝ ብስኩት መሰለኝ። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኦርቪል በሌብነት መያዙን ሰምቼ ወደዚህ የፖሊስ ጣቢያ መጣሁ። ኢሞጂንም ነበረች፤ የምሳው ገንዘብ ከነሳህኑ ጠፍቶባት ስትፈልግ ነው ያደረችው። ኦርቪል የመብራት ሒሳቡን ከፍሎ ሲያበቃ በዕቃ መደብሩ ባንኮኒ ላይ ለመንኮራኩር በተቀመጠው የመዋጮ ጠርሙስ ሃያ ዶላር ሲከት አይታ ለረዳት ሸሪፍ ፓሪሽ የነገረችው እሷ ናት። ኦርቪል "ሰዎች ናቸው የሰጡኝ" ይል ነበር።

"ሳህኑን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ኦርቪል ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ብቻ ነሽ? እኔ እኮ ምእመኑ ሁሉ ያዋጣልኝ መስሎኝ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ባርኔጣዬን ሳነሣ ነው የዋልኩት።"

"ታዲያ እኔስ በምን ጠረጠርኩህ?" አለች ኢሞጂን። "ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላም ብለኸኝ የማታውቀው ሰው ዛሬ ባርኔጣህን ስታነሣልኝ ጊዜ ነዋ።"

ረዳት ሸሪፉ፣ "ችግር ላይ ሆነህ ሃያ ዶላር ለምን ሰጠህ?" አለው።

"ሌላ መንኮራኩር ከተሠራ ንጣፍ ለጣፊ ይፈለጋላ። ደግሞ የሰው ስጦታ ብቻዬን መብላት ደስ አላለኝም።"

ኢሞጂን ሣቀች። ለመብራቱ የወጣውን ያህል ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ከእሱ ዘንድ ከተገኘው ገንዘብ ጋር ቀላቀለችው። ኦርቪል ሊከለክላት ሲል፣ "ዝም በል፤ የሰላምታህ ዋጋ ነው" አለችው። ረዳት ሸሪፉ ሰውየውን ለቀቀው፤ ነገሩ ጨርሶ የሚዘጋው ግን ቃሌ በጽሑፍ ሲቀርብ መሆኑን ነገረን። ገንዘቡን ለኢሞጂን፣ ሳህኑን ለእኔ ሰጠን።

ኦርቪል ሃስኪንስ የሰረቀው ነገር የለም። ገንዘቡ ደጃፉ የደረሰው በእኔ እጅ ነው። ለዚህ ቃሌ ዳኛ ፊትም እቆማለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሉዲን ሳህን አጥቤ ባቄላ በአሳማ ሥጋ ሠራሁበት። ወደ ኦርቪል ቤት ወሰድኩት። በረንዳው ላይ አላስቀመጥኩትም፤ በሩን አንኳኳሁ። ሲከፍትልኝ ፎይሉን ገለጥኩና "ባቄላ ነው" አልኩት። ከዚያ ወደዚህ መጣሁ።

ቨርና ቲሊስ (ፊርማ)
ረዳት ሸሪፍ ዲ. ፓሪሽ፣ አንብቤ ተቀብያለሁ (ፊርማ)