ለወዳጅ ቤት የሚጠለቅ ጓንት

እዚህ ከአጠገቤ አረፍ በሉ፤ አግዳሚው ቢጠብም ጠጋ ጠጋ ካልን ለሁላችን ይበቃል። የምነግራችሁ የጥንት ወሬ አይደለም። ዘንድሮ ፋሲካ ካለፈ በኋላ እዚሁ ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ አሳምሬ አላወራውም ይሆናል፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ወዳጄ ውቢት ባለቤቷ ኢዮብ ካረፈ ወዲህ ጄኔቭ እህቷ ዝናሽ ዘንድ ልትኖር ቆርጣ ነበር። ቤቱን ባዶ አድርጋ ማስረከብ ስላለባት የሰው ቤት ዕቃ የሚያነሳ፣ የሚጣለውን የሚጥል፣ ያደፈውን የሚያጸዳ ድርጅት ጠራች። እኔም ብቻዋን አትሁን ብዬ ከዲቤንዶርፍ ማልጄ ተነሳሁ። ሕንፃው በር ላይ ስደርስ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? አስፋን። የሥራ ልብሱን ለብሶ ተገትሯል። አስፋና ኢዮብ አዲስ አበባ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። እዚያ ድርጅት ተቀጥሮ ኖሮ፣ «የወዳጄን ዕቃ ባዕድ አያንገላታውም» ብሎ አለቃውን ለምኖ ነው የመጣው።

አጠገቡ የቡድኑ ኃላፊ ሲፈን ነበረች። ዲቲኮን ተወልዳ ያደገች፣ ሠራተኛ ሥራ ላይ እንዳይጎዳ ምን መደረግ እንዳለበት ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች ልጅ ናት። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ አክብሮቷ ግን ሙሉ ነው። ወፍራም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ዘርግታለታለች፣ እሱ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል።

«ጋሽ አስፋ፣ ያለዚህ ማንም አይገባም» አለችው።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ቤት ቢሆን እሺ። ይኼ የኢዮብ ቤት ነው። የሬሳ ሣጥኑን በባዶ እጄ የተሸከምኩትን ሰው፣ ሸሚዙን በጓንት ላንሳው? ሚስቱ ተቀምጣ እያየች አፍንጫዬን ሸፍኜ ልግባ? ተጸየፈን አትልም?»

«መጸየፍ አይደለም። ሹትስ ነው። መከላከያ።»

«እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች ለሁሉ ነገር ጓንት አላችሁ። ነገ ደግሞ ለመጨባበጥም አምጡ ትሉናላችሁ።»

«የሚጨብጡት ሰው መርፌ ከያዘ፣ አዎ» አለች ፈገግ ብላ። ግን ንቅንቅ አላለችም። ካላደረገ ወደ ቤቱ እንደምትመልሰውና በምትኩ ሌላ ሠራተኛ እንደምትጠራ በትሕትና ነገረችው።

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ልቤ ከአስፋ ጋር ነበር። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ አፍንጫ መሸፈን ነውር ነው። የወዳጁን ቤት ለባዕድ መተው ደግሞ ለእሱ ሁለተኛ ቀብር ነበር። ስለዚህ እያጉረመረመ አጠለቀና ገባን።

ውቢትን ሲያያት ጓንቱን አውልቆ ጨበጣት፣ «እግዜር ያጽናሽ» አላት። ያወለቀውን ግን መልሶ አላጠለቀም፤ ኪሱ ከተተው። ሲፈን ምድር ቤት ያለውን ዕቃ ልታይ ወርዳ ነበር። እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የሚጣለውን በከረጢት ሞላ፤ ሲሞላም እንደ ልማዱ በመዳፉ ሊጠቀጥቀው እጁን አነሳ። «ካልተጠቀጠቀ እኮ አየር መሸከም ነው» ሲል ይሰማኛል። እጁ ሳይወርድ ሲፈን ከኋላው ደርሳ ክርኑን ያዘችው።

ከረጢቱን በጎን ቀደደችና ያለውን ሰፊ ሳፋ ላይ ዘረገፈችው። ከአሮጌ ጋዜጣና ከመላጫ መሃል ክዳን የሌለው የስኳር በሽታ መርፌ በመቆንጠጫ አነሳች። አስፋ መዳፉን ገልብጦ አየው።

«ይሂዱ ጋሽ አስፋ» አለች ሲፈን። «ሌላ ሰው እጠራለሁ።»

«የኢዮብን ቤት ለማን ትቼ?»

«እጅዎን ለመርፌ ከሚሰጡት ይሻላል።»

ይኼኔ ውቢት ከደጃፉ ቆማ ነበር። መርፌውን አይታ ቀስ ብላ ተናገረች። «ኢዮብ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መርፌውን የት እንደሚጥለው አያውቅም ነበር። ላነሳ ስል ግን ይቆጣኛል። ‹እጅሽን አታስነኪ፣ የእኔ በሽታ ለእኔ ይበቃል› ይለኝ ነበር። አስፋ፣ አክብረኸን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቢወጋህ ኖሮ ኢዮብ ከሞተ በኋላ ወዳጁን ጎዳ ይባል ነበር። ይህን ስም ልታሰጠው ነው የመጣኸው?»

አስፋ ጓንቱን ከኪሱ አወጣ፣ ጣት በጣት አስተካክሎ አጠለቀና ወደ ሲፈን ዞረ። «አሁንስ ልቆይ?»

«ጓንት ብቻ አይበቃም። መርፌ ጓንትም ይበሳል። ከረጢት አይጠቀጠቅም። አንገቱን ይዘው ከእግርዎ ያርቁታል። ዓይን ያላየው ቦታ እጅ አይገባም።»

«እሺ።»

«ከባድ ዕቃም ብቻዎን አያነሱም።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። ቁም ሣጥኑን አንቺው ተሸከሚው።»

«ለሁለት» አለችና መጀመሪያ እሷ ሳቀች።

ውቢት እጆቿን ዘረጋች። «ለእኔም ጓንት ስጪኝ።» አጥልቃ የኢዮብን ካፖርት ከመስቀያው አወረደች፤ ኪሱን ገልብጣ ካየች በኋላ በዚያው ወፍራም ጓንት ደረቷ ላይ አቀፈችው። ማን ነው ያን አይቶ ተጸየፈችው የሚል?

ከዚያ ወዲያ አስፋን ባያችሁት። ምድር ቤቱ የአይጥ ኩስ ነበረበትና መጥረጊያ ሳነሳ የቀደመኝ እሱ ነው። «እትዬ አስረሳሽ፣ በደረቁ አይጠረግም። ብናኙ ሳንባ ይገባል። መስኮቱ ይከፈት፣ በመድኃኒት ይርጠብ፣ አንቺም አፍሽን ሸፍኚ» አለኝ። ከሲፈን የሰማውን ወዲያው የራሱ አደረገው! ቁም ሣጥኑም ለሁለት ወረደ።

ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲዘጋ የተወጋ እጅ፣ የታመመ ወገብ አልነበረም። አስፋ በነዚያው እጆቹ ማታ የልጅ ልጁን ሜሮንን አቀፈ። ሲፈንም ከእሱ ተምራለች። አሁን ቡድኗ የአበሻ ሐዘን ቤት ሲሄድ አስቀድሞ በባዶ እጅ ይጨብጣል፣ ያጽናናል፤ ከዚያ አስፋ «ይህን የምናጠልቀው ወዳጃችሁ ማንንም ሳይጎዳ እንዲሸኝ ነው» ብሎ ይናገርና ሥራ ይጀመራል። እስካሁን የተቀየመ የለም። ውቢትም ጄኔቭ ሄዳ፣ በባዶ እጇ በበረኪና የሰው ቤት ስታጸዳ የኖረችውን ዝናሽን ጓንት አስለመደቻት።

እኔ አርጅቻለሁ፣ እናንተ ግን ገና ብዙ ደጅ ታንኳኳላችሁ። የሰው ቤት ልታነሱ ስትገቡ፣ እጃችሁ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ ውቢት በጓንት ያቀፈችውን ካፖርት አስቡልኝ። አደራ።