የመኪናዋ በረባሶ

ልጄ ዓረብ አገር ለፍታ የገዛቻትን መኪና ተውሼ ወደ ጋፋት ስወርድ፣ ከፊት መከላከያዋ ሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ድንጋይ ገነጠለው። እንዲህ ሆኖ ካየችው ዳግም ቁልፏን አታውሰኝም። ጋራዦቹ የጠሩት ዋጋ አልዋጥልህ ሲለኝ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በረባሶ ወደሚሠራው ሰው ሄድኩ። በፕላስቲኩ ቦታ የሚገጠም ጎማ አዝዤ ልኩን ነገርኩት፤ ስምንት ስንዝር ከሦስት ጣት። በማግስቱ ሁለት አስረከበኝ።

«ያዘዝኩህ አንድ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ለአንድ እግር ሠርቼ አላውቅም» አለኝ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

አንዱን በስድስት ብሎን ገጠምኩት። ልጄ ከባሕር ዳር መጥታ ቁልፏን ተቀበለችኝና ጎንበስ ብላ አየችው።

«አባየ፣ መኪናዬን በረባሶ አጫሟት?»

ሁለተኛውን አውጥቼ አሳየኋት። ስቃ ስታበቃ ቁልፉን መለሰችልኝ።

«የግራውም እስኪያልቅ ይንዷት፤ ከዚያ በኋላ በእግርዎ ነው» አለችኝ።