አጎንብሼ የተሸነፍኩበት ውድድር

ከወለንጪቲ አዳማ በብስክሌት ማን ቶሎ እንደሚገባ ከጓደኛዬ ከከድር፣ ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ተፎካከርን። አብረን አይደለም የምንነሳው፤ እሱ ቀድሞ፣ እኔ ቆይቼ ነው፤ መንገዱ ያነሰ ጊዜ የፈጀበት ያሸንፋል፣ የሚዳኘንም የባቡር ጣቢያው ሰዓት ነው። ከድር ጋቢውን ነፋሱ እንደ ድንኳን እየነፋው ሲሄድ ሳየው አዘንኩለት። እኔ ሊቁ ግን ጣቢያ የሚሠራ አንድ ግሪክ እንዳስተማረኝ፣ ጉልበቴን ለመጨረሻው ቆጥቤ፣ ነፋሱ እንዳይዘኝ ደረቴን መሪው ላይ ለጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ተነሳሁ።

መንገዱ ተጋምሶ እንግዲህ አሁን ልፈትለክ ስል፣ ከፊት ለፊቴ በበቅሎ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መንገዱ መሀል ጠበቁኝ። እሳቸው ወርደውልኝ እኔ እንዴት ልለፍ? ወረድኩ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? ከዚያ ከግራሩ ጀምረህ እንዲያ አጎንብሰህ እጅ ስትነሳኝ፣ እኔ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ልመልስልህ?» አሉኝ።

ለነፋሱ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን አይቼ መልሼ ገጠምኩት። ቤተሰቡን ጠየቁኝ፣ ዝናቡን ጠየቁኝ፣ ከብቱን ጠየቁኝ፤ የሌሉኝን ላሞች ሳይቀር ደህና ናቸው አልኩ።

«ቅድም አንዱ ዘነዘና እንደዋጠ ቀጥ ብሎ በአጠገቤ እልም አለ» አሉኝ፤ «አሳዳጊ የበደለው።» ከዚያ መረቁኝ፤ ምርቃቱም ቶሎ አላለቀም።

አዳማ ስደርስ ከድር ተጣጥቦ፣ ምሳውን በልቶ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«ምን ሆነህ ነው የዘገየኸው?» አለኝ።

«ጨዋ ሆኜ» አልኩት።